«የሸማኔ ልጅ» ሲሉኝ ይከፋኝ ነበር

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ፍቅር አይደለም። ስለ ትዳርም አይደለም። ገመና መሆኑ ግን አልቀረም፤ ያውም የራሴ ገመና። እጃችሁ ላይ ሙያ እያለ፣ ፍላጎቱም ሳይጠፋ፣ ቁጭ ብላችሁ ነጩን ወረቀት ስታዩት ጭንቅላታችሁ ባዶ ቆርቆሮ የሚሆንባችሁ ካላችሁ ይህቺ ጽሑፍ የናንተ ናት። ሥዕል ይሁን፣ ስፌት ይሁን፣ ግጥም ይሁን፣ የጸጉር ሥራ ይሁን ልዩነት የለውም። «ሙድ አልመጣልኝም» የምትባለውን በሽታ እኔ ስምንት ወር ሙሉ ታምሜያታለሁና ጠባይዋን አውቀዋለሁ።

ከመጀመሪያው ልጀምርላችሁ።

የተወለድኩት አዲስ አበባ፣ ሽሮ ሜዳ ነው። ሽሮ ሜዳን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። በዓል ሲደርስ ነጠላና ቀሚስ ለመግዛት ከተማው ሁሉ የሚወጣበት፣ የእንጦጦ ግርጌ ሰፈር ነው። ሱቆቹ ላይ የተንጠለጠለውን ሸማ ሁሉም ያየዋል። ከሱቆቹ ጀርባ፣ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ እግራቸውን ጉድጓድ ከትተው ሲሸምኑ የሚውሉትን ግን ማን ልብ ይላቸዋል? ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ፣ ከዶርዜና ከአካባቢው የመጡ ናቸው። አባቴም አንዱ ነበሩ።

ትምህርት ቤት ከልጆች ጋር ስጣላ መጨረሻ ላይ የምትወረወርብኝ ድንጋይ ምን ጊዜም አንድ ናት፦ «የሸማኔ ልጅ!»

ይገርማችኋል፣ የሚሰድቡኝ ልጆች እናቶች ለጥምቀት የሚወጡት አባቴ በሠሩት ቀሚስ ነበር። ሸማው ይከበራል፣ ሸማኔው ይናቃል። የኛ ነገር እንዲህ ነው። እኔም ልጅ ነኝና መደበቂያ ፈለግሁ። ሰባተኛ ክፍል ሌላ ትምህርት ቤት ስገባ አባቴን ሾፌር አደረግኋቸው። «የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ጅቡቲ ነው የሚመላለሰው» አልኩ። ውሸቷ ጣፈጠችኝ። ለስድስት ዓመት ተሸክሜያት ዞርኩ።

ሥዕል ግን ከልጅነቴ እወድ ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዳበቃሁ አንድ ታፔላ ቤት ተቀጠርኩ። ውይ፣ ያኔ ደስ ሲል! ለስጋ ቤት የበሬ ራስ፣ ለጁስ ቤት ባለ ሦስት ቀለም ብርጭቆ፣ ለጸጉር ቤት ጸጉሯ የተዘናፈለ ቆንጆ እስላለሁ። ፊደል ላይ ጥላ አጣጣል፣ ከሩቅ የሚነበብ ቀለም አመራረጥ፣ ሁሉንም እዚያ ተማርኩት። ኋላ ላይ ግን የባነር ማተሚያ መጣ። እኔ ሁለት ቀን የምፈጅበትን ማሽኑ ሻይ ተጠጥቶ ሳያልቅ ይተፋዋል። አሠሪያችን ማሽኑን ገዛና እኛን አሰናበተን። አልፈርድበትም፤ ደንበኛው ራሱ ፎቶ የታተመበትን ነው የፈለገው።

እኔም «ግድ የለም፣ ከእንግዲህ እውነተኛ ሰዓሊ እሆናለሁ» ብዬ ፎከርኩ። አባቴ በዚያ ወቅት ዓይናቸው እየደከመ ስለመጣ ወደ አገራቸው ወደ ዶርዜ ተመልሰው ነበር። ሁላችንም «እትዬ» የምንላት አክስቴ ደግሞ ምዕራብ ዓባያ፣ ብርብር ከተማ፣ አውራ ጎዳናው ዳር ትንሽ ሱቅ ከፍታለች። «ጓዳ አለኝ፣ ና እዚህ ተቀመጥና ሥራህን ሥራ» አለችኝ። ሸራዬንና ቀለሜን ይዤ ወረድኩ።

ብርብርን ላላያችሁት ልንገራችሁ። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ ስትወርዱ በግራችሁ ዓባያ ሐይቅ ይታያል። ውሃው ሰማያዊ አይደለም፤ ደለል ስለተሸከመ የሸክላ ቀለም ነው ያለው። በቀኛችሁ የጋሞ ተራራ እንደ ግድግዳ ቆሟል። መሀሉ ሙዝ ነው፤ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው ሙዝ። መንገዱ ዳር ማንጎውን እንደ ጉልላት ከምረው፣ የሙዙን ዘለላ በእንጨት ላይ አንጠልጥለው የሚሸጡ ልጆች አሉ። ለሰዓሊ ገነት ነው እኮ!

እኔ ግን አንዲት መስመር አልወጣልህ አለኝ።

ጠዋት ተነስቼ ሸራው ፊት እቀመጣለሁ። አየዋለሁ፣ ያየኛል። ሙድ እስኪመጣ ሻይ እጠጣለሁ። ከሻዩ በኋላ ሙቀቱ ይመጣል። በሙቀት ደግሞ ማን ይሠራል? ማታ መብራት ይጠፋል። በነጋታው እንደገና። ስልኬ ላይ የውጭ አገር ሰዓሊዎችን ሥራ አያለሁ፤ ባየሁ ቁጥር የራሴ ያስጠላኛል። እንዲህ እያልኩ ስምንት ወር ሞላኝ። ለቀለም የተበደርኩት ገንዘብ ባለቤት መደወል ጀመረ። ስልኩን አለማንሳት ጀመርኩ።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እትዬ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። የጋሞ ሰው መስቀልን እንዴት እንደሚያከብር ታውቃላችሁ። ሸማ ሊሠራ አዲስ አበባና ሌላም ከተማ የተበተነው ሁሉ ለመስቀል ወደ አገሩ ይተማል። በብርብር በኩል የሚያልፈው መኪና ጢም ብሎ ነው የሚያልፈው። «እንግዲህ ያ ሁሉ ሰው በደጄ ሲያልፍ ሱቄን ማንም አያያትም። በሯን አሳምርልኝ፣ ዕቃውን ደርድርልኝ» አለችኝ።

እኔ ምን ብመልስ ጥሩ ነው? «እትዬ፣ እኔ ሰዓሊ ነኝ እኮ፣ የሱቅ አሻሻጭ አይደለሁም» አልኳት።

ትክ ብላ አየችኝና «ሥዕልህ የታለ?» አለችኝ።

አንዲት ቃል አልመለስኩም። ምን እመልሳለሁ?

በነጋታው ራሷ ሌላ ሥራ ሰጠችኝ። «በል ዶርዜ ውጣና ከአባትህ ዘንድ ለበዓል የሚሸጥ ሸማ አምጣልኝ» አለች። ከብርብር ወደ አርባ ምንጭ አቅጣጫ ሄዳችሁ፣ ከተማው ሳትደርሱ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ ዳገቱን ትያያዙታላችሁ። ታች በሸሚዝ ያላበው ሰው ላይ ሲደርስ ጋቢ ይፈልጋል። ሙዙ ያልቅና እንሰቱና ቀርከሃው ይጀምራል።

የአባቴ ቤት የድሮው ዓይነት የዶርዜ ቤት ነው። ከቀርከሃ ተፈትሎ የተሠራ ረጅም ቤት። የሰው መግቢያው ወደፊት ወጣ ያለ፣ ከላዩ ሁለት መተንፈሻ ያለው፣ በአጠቃላይ የዝሆን ራስ የሚመስል። ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል ይባላል። ምስጥ ከሥሩ ሲበላው የተበላውን ይቆርጡለታል፤ ስለዚህ ቤቱ ባረጀ ቁጥር ያጥራል። ካስፈለገም ሰዎች ተሰብስበው እንዳለ ተሸክመው ቦታ ይለውጡታል። የአባቴ ቤት በጣም ካጠሩት አንዱ ነው።

አባቴ በራፉ አጠገብ ጉድጓዳቸው ውስጥ ነበሩ። በእግራቸው ጣቶች ድሩን ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፣ መወርወሪያዋ ከቀኝ ወደ ግራ ትበራለች። የያዙት ዱንጉዛ ነበር፤ ያ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሚፈራረቅበት የጋሞ ልብስ። ዓይናቸው ደክሟል ብያችኋለሁ አይደል? ክሩን በጣታቸው እየዳሰሱ ነው የሚቆጥሩት።

ተሳልሜ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ብዙ ዝም ካልን በኋላ ጨነቀኝና ጠየቅኋቸው።

«አባዬ፣ ሐሳብ ሲጠፋብዎት ምን ያደርጋሉ?»

«የምን ሐሳብ?»

«ማለቴ... ምን እንደሚሠሩ ሳይመጣልዎት ሲቀር።»

ሳቁብኝ። «እኔ ጠዋት ስነሳ ሐሳብ አልፈልግም፤ የተበጠሰ ክር ነው የምፈልገው። የተበጠሰውን ስቀጥል እጄ ይሞቃል። እጄ ከሞቀ ቀዩ የት እንደሚገባ ራሱ ይነግረኛል» አሉኝ።

ይቺን ንግግር ሰምቼ ልቤ ውስጥ እያመላለስኳት ሳለ፣ ቀና ሳይሉ፣ ክሩን መቁጠር ሳያቆሙ ሌላ ነገር ጨመሩ።

«ዛሬም ሾፌር ነኝ?»

እናንተዬ! መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ምንኛ በወደድኩ። ለካ ያን ጊዜ የወላጅ ቀን ላይ መጥተው ኖሯል። አስተማሪዬ «እርስዎ ሾፌሩ ነዎት?» ሲላቸው «አዎ» ብለውት ተመለሱ። እኔን አላዋረዱኝም። ቤት መጥተውም አንድ ቀን አንስተውብኝ አያውቁም። ያን ሁሉ ዓመት እኔ የተሸከምኩት ሲመስለኝ እርሳቸውም ተሸክመውት ኖረዋል።

አለቀስኩ። አባቴ ለልቅሶ ጊዜ የላቸውም። «በል ያዝ» ብለው የተበጠሰ ክር ጫፍ እጄ ላይ አኖሩልኝ።

ሦስት ቀን አብሬያቸው ቆየሁ። ቀሰም ላይ ማግ ማጠንጠን፣ የተበጠሰ መቀጠል፣ ቀለም መቁጠር። ከዚህ በላይ አላስነኩኝም። አንድ ነገር ግን ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ «ጥበብ፣ ጥበብ» እያልን ከሰማይ የሚወርድ ይመስለናል። የቀሚሱ ዳር ላይ ያለው ያ ባለቀለም ጌጥ ስሙ ምንድን ነው? ጥበብ ነው። ልጅ ሆኜ ስንት ሺህ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ ሁለቱ አንድ ቃል መሆናቸውን ግን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ጥበብ ክር ተቆጥሮ፣ ከዳር ተጀምሮ የሚሠራ ነገር ነው።

ስመለስ ሸማውን፣ አባቴ የተረፋቸውን የቀርከሃ ስንጥቅና አንዲት ቁራጭ ዱንጉዛ ይዤ ወረድኩ።

የሱቁን በር ጀመርኩ። የመጀመሪያው ሙከራ አሳቀብኝ። ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ ሰቀልኩት። ሸማው፣ ሙዙ፣ ማንጎው፣ ሳሙናው፣ ባትሪው፣ ሁሉም አንድ ላይ! የመርካቶ ቦንዳ ተራ መሰለ። በዚያ ላይ መደቡን ያስጌጥኩበትን እርጥብ የሙዝ ቅጠል የጎረቤት ፍየል በሌሊት መጥታ ጨርሳው አደረች። ጠዋት እትዬ «ለፍየሏ ግን ወዳታለች» አለችኝ።

ለሁለተኛው የተበጠሰ ክር ፈለግሁ። ማለትም «ምን አዲስ ነገር ልሥራ» ማለቱን ትቼ «የተበላሸው የቱ ነው» ብዬ አየሁ። የተበላሸው መብዛቱ ነበር። ሳሙናውንና ባትሪውን ወደ ውስጥ አስገባሁ። የቀርከሃውን ስንጥቅ እንደ ዶርዜ ቤት ግድግዳ ፈትዬ አንድ ሰው የሚያህል መደገፊያ ሠራሁ። እሱ ላይ ሁለት ነጭ ነጠላ ብቻ አንጠለጠልኩ፤ መሀላቸው ያቺን የዱንጉዛ ቁራጭ። ሥሩ በደረቀ የሙዝ ቅጠል ላይ ማንጎ ደረደርኩ፤ ፍየሏ የደረቀውን አልፈለገችውም። ከላይ በተረፈ ጣውላ ላይ ታፔላ ጻፍኩ። የመደቡን ቀለም ሳዋህድ ሳላስበው የዓባያን ውሃ አወጣሁት። ያን ሸክላማ ቀይ! ስምንት ወር ሙሉ ሸራ ላይ ስፈልገው የነበረው ቀለም የሱቅ ታፔላ ላይ መጣ።

የመስቀል ሰሞን መኪናዎች መቆም ጀመሩ። ሁሉም አይገዛም፤ ግን ይወርዳል፣ ያያል፣ ፎቶ ይነሳል። እትዬ ከዶርዜ ያመጣሁትን ሸማ ሸጣ ጨረሰች። ሚሊየነር አልሆንንም። ግን ሁለት ባለሱቆችና አንድ ጁስ ቤት «ለኛም ሥራልን» ብለው መጡ። ብድሬን በሁለት ወር ከፈልኩ። ማታ ማታ ደግሞ ከታፔላ በተረፈ ጣውላና ቀለም ሥዕል እሠራለሁ። ሙድ መጣ ወይስ አልመጣም ብዬ የምጠይቅበት ጊዜ የለኝም።

ከዚያ ወዲህ ትልልቆቹን ሰዓሊዎች በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም የመሠረቱት የአዲስ አበባው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ብዙ ሰው አፍርቷል። እዚያ ተምረው እዚያው ያስተማሩት ዘሪሁን የትምጌታ የታወቁት በምን መሰላችሁ? በሸራ ብቻ አይደለም። ለሸማኔ ዕቃ የሚውለውን የቀርከሃ ስንጥቅ እያጋጠሙ በላዩ ላይ በመሳል ነው። እ.ኤ.አ. በ1992 በዳካር የጥበብ ቢየናሌ አንደኛ ሽልማት አግኝተዋል። እኔ የማፍርበት የሸማኔ ዕቃ ዳካር ድረስ ሄዶ ተሸለመ ማለት ነው! ከዚያው ትምህርት ቤት የወጣው ኤልያስ ስሜም በመርፌና ክር፣ በአዝራር፣ መርካቶ ከሚገዛው የአሮጌ ኤሌክትሮኒክስ ሽቦ የሚሠራቸው ሥራዎች ዓለምን ዞረዋል። በ2011 ዓ.ም መካኒሳ በኩል የተከፈተው ዞማ ሙዚየም ግድግዳው ጭቃና ጭድ ነው፤ ኤልያስ ከአጋሩ ጋር ያቋቋመው ነው። አዲስ አበባ ያላችሁ አንድ ቅዳሜ ሂዱና ግድግዳውን እዩት። ከአያቶቻችን ቤት ግድግዳ ምን እንደሚወጣ ታያላችሁ።

እንግዲህ ምክር ብጤ ልስጣችሁ። በኔ ላይ የሠራውን ነው የምነግራችሁ።

አንደኛ፣ ሐሳብ አትጠብቁ። በየቀኑ ሃያ ደቂቃ እጃችሁን አሙቁ። የተቀደደ ስፉ፣ የደበዘዘ ፊደል መልሳችሁ ቀቡ፣ አንድ የጥለት ጌጥ ክሩን እየቆጠራችሁ ወረቀት ላይ ገልብጡ። የሚያምር ነገር ካልወጣ ብላችሁ አትጨነቁ፤ ሥራው ማሞቂያ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ለመግዛት አትበደሩ። እኔ ለሸራ ተበድሬ ጣውላ ላይ ነው የዳንኩት። በአካባቢያችሁ በነጻ ያለው ምንድን ነው? ቀርከሃ? ካርቶን? የቡና ጆንያ? የልብስ ስፌት ቁርጥራጭ? በሱ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ የሱቅ በር አትናቁ። ሥራ ያጣችሁ ወጣቶች፣ ሰፈራችሁ ውስጥ ማንም የማያያት አንዲት ሱቅ አለች። ባለቤቷን አነጋግሩና አሳምሩላት። አሠራሩ ቀላል ነው። ዋናውን ዕቃ አንድ ብቻ መርጣችሁ በሰው ዓይን ልክ ስቀሉ። ዙሪያውን ባዶ ተዉለት፤ ባዶ ቦታ ዕቃውን ያስከብራል። ቀለም ከሦስት አይብለጥ፤ ዱንጉዛም ከሦስት ብዙ አያልፍም። ሸማ ከሆነ ቀጥተኛ ፀሐይ እንዳያገኘው፣ ቀለሙ ይለቃል። በሳምንት አንዴ ለውጡት፤ የለመዱት ነገር አይታይምና። ፍየል ካለች ደግሞ... ነግሬያችኋለሁ።

አራተኛውና ዋናው። የምታፍሩበትን ነገር መለስ ብላችሁ እዩት። እናታችሁ እንጀራ ትጋግራለች? ሰፌዱን አያችሁት? አባታችሁ ጫማ ሰፊ ነው? የመስፊያውን አካሄድ ልብ ብላችሁታል? እኔ ከውጭ ሰዓሊዎች ስልክ ላይ የፈለግሁት ነገር እግሩን ጉድጓድ ከትቶ ሃያ ዓመት ፊቴ ተቀምጦ ነበር።

አባቴ ከበዓሉ በኋላ ብርብር ወረዱ። ሱቁ ፊት ቆመው ቀርከሃውን በጣታቸው ዳሰሱት፣ ፈትሉን ቆጠሩ። «እዚህ ጋ ዘለሃል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ አንድ ዘልዬ ነበር። ታፔላውን ግን ዓይናቸው አላነበበላቸውም፤ «ምን ይላል?» ብለው ጠየቁኝ።

ከታች በትንሽ ፊደል፣ ሥራውን የሠራው ሰው ስም በሚጻፍበት ቦታ ላይ፣ «የሸማኔ ልጅ» ይላል። አነበብኩላቸው። ዝም አሉ፣ ቆይተውም «ፊደሉን ተለቅ አድርገው» አሉኝ።

ተለቅ አድርጌዋለሁ። ወደ አርባ ምንጭ ስታልፉ ታዩታላችሁ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ፤ እጃችሁ ይሙቅ!